ዓይን ደም በለበሰ ጊዜ



በደባርቅ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል፥ በአንድ የክረምት ማለዳ አንድ ሽማግሌ በልጆቻቸው ተደግፈው ኑዛዜ ሊያስጽፉ መጡ። የግራ ዓይናቸው ነጩ ክፍል ደም ለብሶ ነበር። ጎረቤቱም «ደሙ ከአንጎል የወረደ ነውና ቀንዎ ደርሷል» ስላላቸው ቤተ ሰቡ ሲያለቅስ አድሯል። እኔም «አባቴ፥ ኑዛዜው ይቆየን፤ አስቀድሞ ሐኪም ይመልከትዎ» ብዬ ሰደድኋቸው።

ሐኪሙ ጠይቆ እንደ ተረዳው፥ ሽማግሌው ሳምንት ሙሉ ሲያስሉ ሰንብተው ኖሮ በሳሉ ኃይል ከዓይን ሽፋን ሥር ያለች ቀጭን የደም ሥር ተበጥሳለች። እንዲህ ያለውን ደም ሳል፥ ማስነጠስ፥ ማስታወክ ወይም ከባድ ሸክም ማንሣት ያመጣዋል፤ ሕመም የለውም፥ ማየትንም አይከለክልም፤ በሁለት ሳምንት ያህል ራሱ ይጠፋል። ነገር ግን የደም ግፊታቸው ቢለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ፤ ከ140 በ90 ጀምሮ ያለው ደም ብዛት ይባላል። የሚያስፈራው እንግዲህ የታየው ቅላት ሳይሆን ያልታየው ደም ብዛት ነበር።

በዚያው ዓመት በዳባት የሚኖር አንድ ባልንጀራችን፥ ዓይኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፥ ማታ በድንገት ራሱን ይዞ ጮኸ፤ አስታወከ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ቤተ ሰቡ «ምች መታው» ብለው ዳማ ከሴ ሲቀቡት አደሩ። በማግሥቱ ጎንደር ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበርና ቀበርነው።

የዓይንና የአንጎል ደም ፈጽሞ አይገናኝም ማለት ግን አይደለም። በአንጎል ዙሪያ ብዙ ደም በድንገት ሲፈስ፥ ግፊቱ በዓይን ውስጠኛ ክፍል ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ይህም በ1900 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነገሩን በጻፈው በፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም በቴርሶን ስም ይጠራል። ይህን ደም ሐኪም በመሣሪያ ያየዋል እንጂ በመስተዋት አይታይም፤ በሽተኛው የሚያውቀው ዓይኑ ሲጨልምበት ነው።

ስለዚህ የሚያስቸኩሉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከዚህ ቀደም ያልታወቀ ብርቱ ድንገተኛ ራስ ምታት፤ የአፍ መጣመም፤ የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ፤ የንግግር መተሳሰር፤ የዓይን ድንገት መጨለም፤ ራስን መሳት። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ሰዓቱን መዝግቡ፤ በሽተኛውን በጎኑ አስተኙ፤ የሚበላና የሚጠጣ አትስጡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ደም ፈስሶ ወይም ሥር ተደፍኖ እንደ ሆነ የሚለየው የራስ ምርመራ ነውና፥ አስፕሪን በቤት አይሰጥ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ በማመንታት የሚጠፋው ሰዓት ብርቱ ጉዳት አለው።

ይህ ደዌ ማዕርግን አያይም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጠናባቸው ሕመም ሰውነታቸው ሰንፎ አንደበታቸው ተይዞ፥ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያ ዘመን ደም ብዛትን የሚያበርድ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ።

እንግዲህ ዓይኑ የቀላ ሰው አይደንግጥ፤ ነገር ግን የደም ግፊቱን ያስለካ። ቅላቱ ከተደጋገመ፥ ካመመ ወይም ማየትን ካወከ ሐኪም ይየው። ዓይኑ ያልቀላም ቢሆን ይለካ፤ ጨው ይቀንስ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ አይተው። ሽማግሌው መድኃኒታቸውን እየወሰዱ በደኅና አሉ፤ ኑዛዜውም ገና አልተጻፈም።