ልጅን ከሰው ስለ መሰወር

በወለጋ አገር እንግዳ ሲመጣ በር ይከፈታል፤ መቀመጫ ይዘጋጃል፤ ቡና ይፈላል። በአንዳንድ ቤት ግን እንግዳው ሳይገባ ሌላም ነገር ይደረጋል፤ ይኸውም አንድ ልጅ እጁን ተይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። እንግዳው «ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስቱ ይጠራሉ፤ የአራተኛው ስም አይነሣም። ዐይኑ ወደ ላይ ዘንበል ያለ፥ ፊቱ ጠፍጠፍ ያለ፥ አንደበቱ የዘገየ በመሆኑ ብቻ በገዛ አባቱ ቤት እንደ ሌባ ተሸሽጎ ይኖራል። ይህ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፥ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ድረስ የብዙ ቤት ምስጢር ነው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለውን መሰወር ለመቃወም ነው፤ የምጽፈውም ፊደል ለቆጠሩ ወጣቶች ነው።

ለመሆኑ ይህ ልጅ ምን ሆነ? የሰው ሰውነት ከብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ በእያንዳንዱም ሕዋስ ውስጥ ዘርን የሚያወርሱ 46 ክሮሞዞሞች ይገኛሉ፤ 23ቱ ከአባት፥ 23ቱ ከእናት የመጡ ናቸው። በዚህ ልጅ ግን 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ስለሚሆን ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ 47 ይሆናል። ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1866 ለይቶ የጻፈው ጆን ላንግደን ዳውን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ነበረ ስሙ ዳውን ሲንድረም ተባለ። ምክንያቱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ዤሮም ሌዠንና ማርት ጎቲዬ ከባልደረባቸው ጋር በፓሪስ አስታወቁ።

እንግዲህ እርግማኑ የቱ ላይ ነው? ክሮሞዞሙ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ልጁ ከመፀነሱ በፊት ነው። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የበላችው፥ የረገጠችው ወይም ያዘነችበት ነገር አላመጣውም። የእናት ዕድሜ ከ35 ዓመት ሲያልፍ ነገሩ የመድረሱ ዕድል መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከወጣት እናቶችም ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች ይወለዳሉ። «ባንቺ የተነሣ ነው» ብሎ ሚስቱን የሚወቅስ ባልና «ምን ሠርታ ይሆን?» እያለች የምታንሾካሹክ ጎረቤት ሁለቱም በማያውቁት ነገር ይፈርዳሉ። ሳያውቅ የተናገረ ይቅርታ ይደረግለት ይሆናል፤ እያወቀ ዝም የሚል የተማረ ሰው ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነገር በኦሮሞ አገር መደረጉ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሚባል ታላቅ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት ከሌላ ማሕፀን የወጣ ልጅ የአሳዳጊው ልጅ ይሆናል፤ በስሙ ይጠራል፤ ከአብራኩ እንደ ወጣ ልጅ ይወርሳል። የባዕዱን ልጅ የራሱ ማድረግ የሚያውቅ ሕዝብ የራሱን ልጅ እንዴት ባዕድ ያደርጋል?

መሰወር በልጁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ልብ አድርጉ። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ መስማት ወይም ማየት የሚያስቸግራቸው፥ የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ የሚደክምባቸውም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ በጊዜው ከታወቀ ሐኪም ሊረዳው ይችላል። ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የተሠራ ማእከል በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ አለ። ነገር ግን ጓዳ የተቀመጠውን ልጅ ልቡን ማን ያዳምጥለታል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። ጡንቻው የላላ ስለ ሆነ መጥባትና መቀመጥ ይዘገይበታል፤ ብዙዎቹ የሚራመዱት በሁለት ዓመት ገደማ ነው። የሚያነጋግረው ካጣ አንደበቱ ይበልጥ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ «አያችሁ፥ ምንም አያውቅም» ይባላል። ጥላና ውሃ የተነፈገ የቡና ችግኝ ፍሬ አላፈራህም ተብሎ ይወቀሳልን?

«ጤነኛው ልጅ እንኳ መቀመጫ አጥቶ ሳለ ለእነዚህ መድከም ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ብልህ ይመስላል፤ ሚዛኑ ግን የገበያ ሚዛን ነው። ይህን ሚዛን ነቀምቴ አስቀድማ ታውቀዋለች። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። ከዚያም እርሱ ራሱ ደክሞ፥ አስቴር ጋኖም አግዛው፥ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ በኋላም በነቀምቴ ሲያስተምር ኖረ። ይህን የማነሣው ዳውን ሲንድረም ያለው ሁሉ መጽሐፍ ይተረጉማል ለማለት አይደለም። ኦነሲሞስ አንድ ቃል ሳይተረጉም ቢሞት ኖሮ እንኳ እርሱን መሸጥ በደል ነበር። የሰው ክብሩ ከሥራው ይቀድማልና።

ሆኖም ድካሙ ይጠቅማል። እነዚህ ልጆች በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በዐይን ያዩትን ስለሚይዙ በሥዕልና በምልክት ሲማሩ ብዙዎቹ ያነባሉ፤ ሥራም ይሠራሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ዓመት ደርሷል። ክሮሞዞሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው አያያዝ ነው።

ሌላም መልስ የሚገባው ቃል አለ። እናት «የምደብቀው አፍሬበት አይደለም፤ በመንገድ ሲስቁበት ማየት ስላልቻልሁ ነው» ትላለች። በዚህች እናት ላይ የሚፈርድ አይኑር። ልጁን ጓዳ ያስገባው የእርስዋ እጅ ቢሆንም የገፋው የእኛ ሳቅ ነው። «ጅል» ብሎ የጠራው፥ አነጋገሩን እየቀዳ ጓደኞቹን ያሳቀው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ወጣት ነው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የጓዳው መክፈቻ ያለው በእናንተ እጅ ነው።

በሩን የከፈቱ አሉ። የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት አባዱላ ገመዳ ዳውን ሲንድረም ያላትን ልጃቸውን አልሰወሩም፤ በስሟ ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ሕጉም ከልጁ ጋር ነው፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም መጋቢት 12 ቀን የዳውን ሲንድረም ቀን እንዲሆን ወስኗል። ነገር ግን ሕግ ጓዳ ድረስ አይገባም፤ ጎረቤት ግን ይገባል።

ስለዚህ በገባችሁበት ቤት አራተኛውን ልጅ በስሙ ጠይቁ። ሰላም በሉት፤ መልሱን እስኪያወጣ ታገሡት፤ በእርሱ አፍ አትመልሱለት። የሚስቅበትን ባልንጀራችሁን ዝም አትበሉት። ወላጆቹ ወደ ሐኪምና ወደ ትምህርት ቤት ይዘውት እንዲሄዱ ምከሩ፤ መምህሩ «ቦታ የለም» ቢል አብራችሁ ቁማችሁ ጠይቁ። ቡናው በፈላበት፥ ልጆቹ በተቆጠሩበት ቤት አራቱም ሳይቆጠሩ እንግዳው አይነሣ።