አበባ አይበላም ለሚሉን ጓደኞቻችን

ለመጪው ዓመት ምርቃት አዳራሹን ማስጌጫ የፕላስቲክ አበባ ለመግዛት ከእያንዳንዱ ሠልጣኝ ገንዘብ ይዋጣ የሚል ሐሳብ ሰሞኑን በየመኝታ ቤቱ ይነገራል። እኛ ከጎረቤላና ከአካባቢው የመጣን ሠልጣኞች በዚህ አንስማማም። መዋጮው ይቅርና አበባውን በተቋማችን ግቢ ራሳችን እናብቅል እንላለን። አሁን ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ነገሩን በቶሎ መወሰን ያስፈልጋል።

«ምርቃቱ በሰኔ፣ አበባው በመስከረም፤ ምን አገናኛቸው?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያገናኛቸው ማድረቅ ነው። እርግጥ አበባ ሁሉ ለማድረቅ አይሆንም። አደይ አበባ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንቁጣጣሽንና መስቀልን ያደምቃል እንጂ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይረግፋል። ተልባ ግን አበባው አልፎ ፍሬ ከቋጠረ በኋላ፣ ገብስና ስንዴም ፍሬያቸው መርገፍ ሳይጀምር ከነአገዳቸው ቢቆረጡ ደርቀው ለወራት ይቆያሉ። ለጾም ፍትፍት የምንወቅጠው እሾሃሙ ሱፍም እንዲሁ ነው። ቢጫ አበባው እየደረቀ ሲሄድ ወደ ቀይ ያደላል፤ በውጭ አገር የአበባ ገበያ እርጥቡም ደረቁም ይሸጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የነበረው ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከሱፍ መገኛ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። እናቶቻችን ጓዳ ያለውን ዘር ትተን ፕላስቲክ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞራችን እኮ ያስተዛዝባል።

«አበባ አይበላም፤ መሬቱ ድንች ይተከልበት» ለሚሉን ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። ተልባው ይጠጣል፣ ሱፉ ይፈተፈታል፣ ገብሱ ይቆላል። ድንቹም ቢሆን ይቅር አላልንም፤ የምንጠይቀው የመደቡን ዳርና ዳር ብቻ ነው። ትልቅ ንግድም አላለምንም። አገራችን በአበባ ወጪ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ብትሆንም፣ እሱ በዝዋይና በሆለታ በግሪን ሃውስ የሚለማ፣ በአብዛኛው ጽጌረዳ የሆነ፣ ቀዝቃዛ ማከማቻና አውሮፕላን የሚጠይቅ ሥራ ነው። የኛ ሥራ መኮትኮቻ፣ ቢላዋና ሲባጎ ይበቃዋል።

ዋናው ምክንያታችን ግን የሙያችን ጉዳይ ነው። ነገ የምንመደበው ቤተ ሙከራና በቂ የትምህርት መርጃ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። አደይ አበባን በመርፌ ቢበታትኑት አንድ የሚመስለው አበባ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑ ይታያል። ኑግና ሱፍም እንዲሁ ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸውና። ይህን በገዛ እጁ ያየ ልጅ አይረሳውም። የፕላስቲኩ አበባ ቢበታተን ምን ይወጣዋል? ሽቦ!

ሌላም ትምህርት አለው። ዓመታዊ ተክል እንደ ጽጌረዳ ከግንዱ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም፤ ለከርሞ ያለው ተስፋ ዘሩ ብቻ ነው። በበዓል ሰሞን አደይን ከነሥሩ እየነቀሉ ሲሸከሙ እናያለን። ዘሩን ሳይጥል የተነቀለ አደይ በዚያ ቦታ ለሚመጣው መስከረም ምን ይተካል? ስለዚህ በስለት ይቆረጥ፤ ከ3 አንዱም ለዘር ይተው። ይህን ለልጆች የሚነግራቸው መምህር ራሱ ሠርቶ ያየ መሆን አለበት።

አሠራሩ የሚከብድ አይደለም። በደጋው ከጥቅምት ወዲህ ውርጭ ሊመታ ስለሚችል ተልባውና ገብሱ ዝናቡ እንደገባ በሰኔ ይዘሩ። ሱፍ ብርድ ስለማይወድ ቤተሰቦቻቸው ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል በሞቃቱ አገር የሚያርሱ ጓደኞቻችን ሊያመጡልን ይችላሉ። ለውሃ የሚሆነው አበባ ፀሐይ ሳትበረታ በጧት ይቆረጥ፤ ውሃ የሚነካው ቅጠል ይገፈፍ፤ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። የሚደርቀው ግን ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ተቆርጦ፣ በቀጫጭኑ ታስሮ፣ ጨለማ በሆነና ነፋስ በሚያገኝ ክፍል 2 ወይም 3 ሳምንት ቁልቁል ይሰቀል። ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ወጥ ቤት ከተሰቀለ ደግሞ ጢስ ያጠቁረዋል። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ሰው እስሩ ለምን መቅጠን እንዳለበት አይጠፋውም፤ የወፈረ እስር መሐሉ ይሻግታል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መዋጮው ይሰረዝ። የግብርና መምህሮቻችን የመደቡን ዳር ይስጡን። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከቤቱ አንድ እፍኝ የተልባ ዘር ይዞ ይምጣ። በኅዳር ደግሞ የአደይን ዘር አብረን እንለቅማለን። ተመራቂውም ወደተመደበበት ትምህርት ቤት ሲሄድ ከዚያ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ። በሐሳባችን የማይስማማ ጓደኛ ወይም መምህር ቢኖር በዚሁ ግድግዳ ላይ ይጻፍልን፤ ብቻ ሰኔ ሳያልፍ ይሁን።

ከጎረቤላና ከአካባቢው የመጣን ሠልጣኞች