መሣሪያው ብቻውን አያድንም፦ የሕፃናት የሳንባ ምችና የኦክስጅን ሕክምና ምርምሮች የሚያስተምሩት

የሳንባ ምች ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሕፃናትን ሕይወት ከሚቀጥፉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 740 ሺህ ያህል ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል፤ ይህም በዓመቱ በዚያ የዕድሜ ክልል ከደረሰው ሞት 14 በመቶውን ይይዛል። ክትባትና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በሽታውን በመከላከልና በማከም ረገድ ትልቅ ለውጥ አምጥተዋል። ይሁን እንጂ በጠና የታመመን ሕፃን መድኃኒቱ እስኪሠራለት ድረስ በሕይወት የሚያቆየው በቂ ኦክስጅን ማግኘቱ ነው።

ኦክስጅን አስፈላጊ መሆኑ አከራካሪ አይደለም። አከራካሪ ሆኖ የቆየው ከባድ የመተንፈስ ችግር ላጋጠመው ሕፃን በምን ዓይነት መንገድ፣ በየትኛው የጤና ተቋምና በማን ክትትል ይሰጥ የሚለው ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በባንግላዴሽ፣ በጋና፣ በማላዊና በኢትዮጵያ የተካሄዱ የምርምር ውጤቶች ይፋ ሆነዋል። አራቱም በመሠረቱ አንድ ዓይነት የመተንፈሻ ድጋፍ ፈትሸዋል፤ ያገኙት ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መረዳት ለጤና ባለሙያዎችም ሆነ ለጤና ተቋማት አመራሮች ትልቅ ፋይዳ አለው።

የአረፋው ጠርሙስ አሠራር

የሳንባ ምች ሲከሰት በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ፤ አንዳንዶቹም ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ ከአየር ወደ ደም የሚተላለፈው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ እያደርም አቅሙ ይሟጠጣል። በተለምዶ የሚሰጠው ሕክምና በቀጭን የአፍንጫ ቱቦ በዝግታ የሚፈስ ኦክስጅን ነው። ይህ ዘዴ ለብዙ ሕፃናት በቂ ቢሆንም የተጣበቁትን የአየር ከረጢቶች ከፍቶ የማቆየት አቅሙ ውስን ነው።

ባብል ሲፓፕ በመባል የሚታወቀው ዘዴ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ኦክስጅኑ በአፍንጫ በኩል ወደ ሕፃኑ ይገባል፤ የሚወጣው አየር የሚያልፍበት ቱቦ ጫፍ ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ ባለ ውኃ ይጠለቃል። ሕፃኑ አየር ሲያስወጣ የውኃውን ግፊት ማሸነፍ ስለሚኖርበት በሳንባው ውስጥ ዘወትር መጠነኛ ግፊት ይቆያል፤ የአየር ከረጢቶቹም ጨርሰው አይዘጉም። የግፊቱ መጠን የሚወሰነው ቱቦው በውኃው ውስጥ በገባበት ጥልቀት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ከገባ የ5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊት ይፈጥራል። በውኃው ላይ የሚታየው አረፋ አየሩ እየተላለፈ መሆኑን ያመለክታል፤ አረፋው ሲቋረጥ አየር የሚያፈስ ወይም የተዘጋ ቦታ መኖሩን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ዘዴው እንደ መካኒካል ቬንትሌተር ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። በአንጻሩ የራሱ ጉዳቶችም አሉት። ሆድ በአየር ሊነፋ፣ የተመገቡት ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ፣ አፍንጫ ሊቆስል፣ አንዳንዴም ከሳንባ አየር ሊያመልጥ ይችላል። እነዚህ ችግሮች ቀድሞ የሚታወቁት ሕፃኑ አጠገብ ሆኖ በሚከታተል ባለሙያ ነው።

ዳካና ሳሊማ፦ አንድ ዘዴ፣ ሁለት ውጤት

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ሆስፒታል፣ በዶክተር መሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተመራ ቡድን ከቀላል ቁሳቁስ የተሠራ ባብል ሲፓፕን ከተለመደው የኦክስጅን አሰጣጥ ጋር አነጻጽሯል። ቡድኑ ለውኃ መያዣነት የተጠቀመው የሻምፑ ጠርሙስ ነበር። በምርምሩ 225 ሕፃናት የተካተቱ ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ውጤት ባብል ሲፓፕ ከተደረገላቸው ሕፃናት 4 በመቶ፣ በዝግታ የሚፈስ ኦክስጅን ከተሰጣቸው ደግሞ 15 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ ምርምሩ ከታቀደለት ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲቆም ተደርጓል።

በጋና በ2 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት ከ2 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ነበር። በጠቅላላው ሕፃናት ዘንድ የሞት መጠን ልዩነቱ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም፤ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ግን ጥቅም ታይቷል።

ከሁሉም ይልቅ አነጋጋሪ የሆነው በማላዊ ሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር ነው። በዚህ ምርምር የተካተቱት 644 ሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች የያዛቸውና ተጨማሪ አደጋ የነበረባቸው ናቸው፤ ከፊሎቹ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወይም ለቫይረሱ የተጋለጡ፣ ሌሎቹ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ የደማቸው ኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ በታች የወረደባቸው ነበሩ። በየዕለቱ በሐኪም የሚደረግ ክትትል አልነበረም። ባብል ሲፓፕ ከተደረገላቸው 17 በመቶ፣ የተለመደው ኦክስጅን ከተሰጣቸው ደግሞ 11 በመቶ ሞተዋል። ምርምሩ ሳይጠናቀቅ የቆመው እንደ ዳካው ጥቅሙ ስለታየ ሳይሆን ጥቅም እንደማያስገኝ ስለተገመተ ነው።

እነዚህን ውጤቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ሁለት ልዩነቶች ጎልተው ይታዩታል። የመጀመሪያው የሕፃናቱ ሁኔታ ነው፤ በሳሊማ የተካተቱት ከሳንባ ምቹ በተጨማሪ ሌላ ከባድ ችግር የተደራረበባቸው ሕፃናት ይበዙ ነበር። ሁለተኛው የክትትሉ ሁኔታ ነው፤ በዳካ ሐኪሞችና የሠለጠኑ ነርሶች በቅርብ ሲከታተሉ፣ በሳሊማ ግን ይህ አልነበረም። ከሁለቱ የየትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ምርምሮቹ ለይተው ባያሳዩም፣ በአንድ ሆስፒታል ሕይወት ያተረፈ ዘዴ ያለ በቂ ዝግጅት ወደ ሌላው ሲወሰድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ግን አሳይተዋል።

የኢትዮጵያ ልምድ

ከማላዊው ውጤት በኋላ ያልተመለሰ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ዘዴው እንደ ዳካው ካለ የምርምር ሆስፒታል ውጭ፣ በመደበኛ ሆስፒታሎች ውስጥ በሐኪም ክትትል ቢሰጥስ? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ከሰጡት አንዱ በኢትዮጵያ በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር ነው። ሆስፒታሎቹ በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ ባብል ሲፓፕ፣ ከፊሎቹ የተለመደውን ኦክስጅን ሰጥተዋል። ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት የሚደርሱ ከ1 ሺህ 200 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ሲሆን፣ ባብል ሲፓፕ በተሰጠባቸው ሆስፒታሎች ሕክምናው ሳይሳካ የቀረባቸውም ሆነ የሞቱ ሕፃናት ቁጥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

የዚህ ምርምር ጠቀሜታ ከውጤቱ ባሻገር በተካሄደበት ስፍራ ላይም ነው። አጠቃላይ ሆስፒታሎች ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የሚላኩ ታካሚዎችን የሚቀበሉ፣ ሐኪሞች ያሏቸው፣ ነገር ግን የተሟላ የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይኖራቸዋል ተብሎ የማይጠበቅ ተቋማት ናቸው። ዘዴው በእነዚህ ተቋማት መሥራቱ ተስፋ ሰጪ ነው። ይሁንና ውጤቱ የተገኘው ሥልጠና፣ ቁሳቁስና የሐኪም ክትትል ተሟልተው በመሆኑ፣ እነዚህ ባልተሟሉበት የጤና ተቋም ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል ብሎ ማሰብ የሳሊማን ትምህርት መዘንጋት ይሆናል።

ከመሣሪያው በፊት የሚቀድመው

ባብል ሲፓፕ የኦክስጅን ሥርዓት አንድ አካል እንጂ መነሻው አይደለም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በ5 ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የደም ኦክስጅን መለኪያ የሆነው ፐልስ ኦክሲሜትርና ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በሥርዓት ሥራ ላይ ሲውሉ በሳንባ ምች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ35 በመቶ መቀነሱን አመልክቷል። የተጨመረው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ኦክስጅን የሚያስፈልገውን ሕፃን በወቅቱ መለየትና ሳይቋረጥ መስጠት ነበር። ኢትዮጵያም ይህንኑ በመገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር አገልግሎትን ለማስፋፋት የሚያስችል ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አዘጋጅታለች። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሕክምና ኦክስጅን ተደራሽነትን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል።

ፐልስ ኦክሲሜትር በጣት ወይም በእግር ጣት ላይ ተደርጎ በብርሃን አማካይነት ደም የያዘውን የኦክስጅን መጠን የሚለካ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ንባቡን በጥንቃቄ መተርጎም ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሕፃን ንባብ እንኳ ዝቅ ይላል። በመሆኑም ቁጥሩ ብቻውን ሳይሆን የሕፃኑ አተነፋፈስ፣ ንቃትና ጡት የመጥባት አቅም አብረው ይታያሉ።

በዚህ ረገድ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወሰድ ትምህርት አለ። ፐልስ ኦክሲሜትር በስፋት ሥራ ላይ የዋለው በሰመመን ሕክምና ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ መሠረት ታካሚው ሰመመን ከመውሰዱ በፊት መሣሪያው በአካሉ ላይ መደረጉና መሥራቱ ይረጋገጣል። ሰመመን የወሰደ ታካሚ ለመሣሪያ ብቻ አይተውም፤ ሰመመን ሰጪ ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው እስኪያበቃ ከአጠገቡ አይለይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመተንፈስ ችግር በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት ይዳርጋል። በሕፃናት ክፍል ኦክስጅን ተደርጎለት የተኛ ሕፃንም የሚገኘው ከዚሁ ባልራቀ አደጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ባብል ሲፓፕ ከመጀመሩ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በሌሊት ተረኛው ማን ነው? አንድ ነርስ ስንት ሕፃናትን ትከታተላለች? መብራት ቢቋረጥ ኦክስጅኑ ከየት ይመጣል? የተበላሸውን ኮንሰንትሬተር የሚጠግን የባዮሜዲካል ባለሙያ አለ?

የወላጆችና የማኅበረሰቡ ድርሻ

የትኛውም ሕክምና የሚጠቅመው ሕፃኑ በወቅቱ የጤና ተቋም ሲደርስ ነው። ወላጆችና አሳዳጊዎች ያሳለና አተነፋፈሱ የፈጠነ ሕፃን ሲያዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሊወስዱት ይገባል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር የሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆነው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የደከመ ሕፃን ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። የሳንባ ምችን ለመከላከል የሚሰጡ ክትባቶችን በወቅቱ ማስጨረስና ሕፃናትን ከምድጃ ጭስ ማራቅም በሽታው ከመጀመሪያው እንዳይከሰት ያግዛሉ።

የአራቱ አገሮች ምርምር ያስጨበጠው ትምህርት በአጭሩ ሲታይ፣ ውኃ የያዘ ጠርሙስና ቱቦ በሠለጠነና በቅርብ በሚከታተል ባለሙያ እጅ ሕይወት ማትረፊያ ይሆናሉ፤ ክትትል በሌለበት ግን ተስፋ የተጣለበት ዘዴ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የኦክስጅን አገልግሎት መስፋፋት የሚለካው በተገዙት መሣሪያዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በሌሊት ነቅቶ የሕፃኑን ትንፋሽ የሚቆጥር ባለሙያ በመኖሩ ጭምር ሊሆን ይገባል።