ከአቦል እስከ በረካ

እናቶችና እኅቶች፥ ቡናን መልካም የሚያደርገው ትዕግሥት ነው። ፍሬው ታጥቦ በለዘብተኛ እሳት እየታመሰ እኩል ይቈላ፤ ያረረ እንደ ሆነ ይመራልና። ተወቅጦ በጀበና ከፈላም በኋላ አተላው እስኪዘቅጥ ይረፍ፤ በችኰላ የተቀዳ ይደፈርሳልና። በጾም ቀን ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ አንጠጣ፤ ቅቤ መጨመርን የለመድንም እንተወው።

ይሁን እንጂ ከሥጋ ተከልክለን በረከቦቱ ዙሪያ ሰው ብናማ፥ ጾማችን ምን ይረባናል? እኛ ራሳችን የተቀየምናትን ጎረቤት ሳንጠራ ስንት ጀበና አፍልተናል! እንግዲህ ዛሬ ልጅ ልከን እናስጠራት። በአቦል ብንተፋፈር በቶና እንነጋገራለን፤ ሦስተኛው በረካ መባሉ ስለ በረከት ነውና፥ እርሱን ታርቀን እንጠጣ።