የመካው ባቡር ጣቢያና የመጨረሻዋ መንገድ

ከመስጂደል ሐረም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሩሰይፋ ሰፈር የቆመው የመካ ባቡር ጣቢያ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘገየ ውጥን ፍጻሜ ነው። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1900 ያስጀመሩት የሒጃዝ ሐዲድ፣ ከዓለም ሙስሊሞች በተሰበሰበ መዋጮ ጭምር ተሠርቶ በ1908 ከደማስቆ መዲና ደረሰ። በግመል ቅፍለት 40 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረውም ጉዞ በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቅ ሆነ። ሐዲዱን እስከ መካ የማድረሱ ዕቅድ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነትም መሥመሩን ለጥፋት ዳረገው። በመዲና የሚገኘው የዐንበሪያ ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ያንን ዘመን ያስታውሳል።

መካና መዲና በሐዲድ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 450 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረመይን ፈጣን ባቡር መካን፣ ጂዳን፣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያን፣ የንጉሥ ዐብዱላህ የኢኮኖሚ ከተማንና መዲናን በአምስት ጣቢያዎች ያያይዛል። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ይህ ባቡር 417 መቀመጫዎች አሉት። በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ የሚወስደውን የመካና የመዲና መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። የጣቢያዎቹ ቀለም እንኳ ትርጉም አለው፤ የመካው ወርቃማ ከካዕባ ጌጥ፣ የመዲናው አረንጓዴ ከመስጂደ ነበዊ የተወሰደ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁንና የተሳፋሪው መድረሻ ሩሰይፋ አይደለም፤ ሐረም ነው። ጣቢያው ከሐረም ዙሪያ መጨናነቅ ራቅ ብሎ መሠራቱ ተገቢ ነው፤ ቀሪዋ አጭር መንገድ ግን በረመዳንና በሐጅ ወቅት ከረጅሙ ጉዞ ይልቅ ልትከብድ ትችላለች። ሐዲዱ ያተረፈውን ሰዓት አንዲት አዛውንት እናት መጓጓዣ ስትፈልግ ካጠፋችው፣ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ በእኛ እምነት የጣቢያው አገልግሎት ሊመዘን የሚገባው በአውቶቡሱ መደበኛነት፣ በታክሲው ዋጋ ግልጽነት፣ ለደካሞች በሚቀርበው ተሽከርካሪ ወንበርና በምልክቶቹ ግልጽነት ነው።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። ትኬት በአብዛኛው የሚገዛው አስቀድሞ በበይነ መረብ፣ በተጓዡ ስምና መታወቂያ ነው። ዐረብኛም እንግሊዝኛም የማያነብ ወገናችን ለደላላ ይጋለጣል፤ ስሙ በስሕተት ከተጻፈም በር ላይ ይቸገራል። በአማርኛና በሌሎች የሑጃጅ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አጭር መመሪያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚያቃልለው ችግር ግን ብዙ ነው።

በጂዳና በመዲና የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶችም ድርሻ አላችሁ። ንባብ የሚያውቅ ለማያውቀው ትኬቱን ያለ ክፍያ ይቁረጥለት፤ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ያመሳክርለት፤ ቀደም ብሎ እንዲደርስም ይምከረው። የቀደመው ሐዲድ ከድሃው ኪስ በወጣች ሳንቲም ጭምር ተሠርቷል። የዛሬው ተጓዥ ከእኛ የሚፈልገው የጥቂት ደቂቃ እገዛ ነው፤ የአላህን እንግዳ ማገልገልም ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው።