«አታስቢ» ማለት ለምን አይረዳም?

ከድባቴ ሕመም ያገገመ ሰው ትልቁ ሥጋቱ «ያገረሽብኝ ይሆን?» የሚለው ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ታምሜ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አሁንም አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወይም ጠዋት ከአልጋ መነሣት ሲከብደኝ እፈራለሁ። ቤተሰቤም አብሮኝ ይፈራል። ልጄ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ስትለኝ ፍርሃቷን ከድምፅዋ እሰማለሁ።

በእኛ ቤት፣ ምናልባት በእናንተም ቤት፣ ለዚህ ያለን ማጽናኛ አንድ ቃል ነው፤ «አታስቢ»። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ማን ይችለዋል? ሐሳብ በትእዛዝ አይቆምም። «ደክሞኛል» የሚለው «ሰነፍ ነኝ» የሚለውን ይጎትታል፤ እሱ ደግሞ «ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ» የሚለውን። ላቁመው ብሎ መታገሉ ራሱ ያደክማል።

ሐኪሜ ያስተማረችኝ ልምምድ ከሐሳብ ጋር አያታግልም። በእንግሊዝኛ ማይንድፉልነስ ይባላል፤ እኔ «ልብ ማለት» እለዋለሁ። መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ ነው። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ግን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለሕሙማን በሚሆን መልኩ ማስተማር ጀመሩ። በኋላም ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ድባቴ እንዳያገረሽ የሚረዳ የ8 ሳምንት ሥልጠና አዘጋጁበት።

እኔ በየቀኑ የምሠራው የ3 ደቂቃውን ነው። መጀመሪያ «አሁን ምን እያሰብኩ ነው? ምንስ እየተሰማኝ ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ለማስተካከል አልሞክርም። ቀጥሎ ትንፋሼ ሲገባና ሲወጣ እከታተላለሁ። በመጨረሻ ከእግሬ ጀምሬ እስከ ራሴ መላ ሰውነቴን ልብ እላለሁ። ሐሳቤ ወደ ገበያና ወደ ቤት ኪራይ ከሄደ፣ ሳልቆጣ እመልሰዋለሁ። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መመለስ ነው፤ ልምምዱ ይኸው ነው።

«ሸክም ሆንኩ» የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይመጣል። ነገር ግን «ሸክም ነኝ» ማለትና «ሸክም ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው እንደ እንግዳ ነው፤ ቆይቶ ይሄዳል።

መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፤ ጸሎቴንም አልተውኩም። ልምምዱ ሁለቱንም አይተካም። ሕመሙ በበረታ ጊዜ ዐይን ጨፍኖ መቀመጥ ሊያብሰው ስለሚችል፣ ከባለሙያ ጋር መጀመር ይሻላል። የታመመው ሰው ስለ መሞት ካወራ ግን ጊዜው የልምምድ አይደለም፤ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ በቤታችሁ ከድባቴ እያገገመ ያለ ሰው ካለ፣ «አታስብ» ከማለት «ምን እያሰብክ ነው?» በሉት፤ ሲነግራችሁም ለማረም አትቸኩሉ። ቡና ሲቆላ አብራችሁት ተቀመጡ። ጭሱን፣ ሽታውን፣ የስኒውን ሙቀት አብራችሁ ልብ በሉ። ቢያንስ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስም ስልካችሁን አስቀምጡ።