የምድር ትል ደም

ዝናብ ባባራ ጊዜ ልጆች በግቢ የምድር ትል በእንጨት ሲቆርጡ አየንና፥ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብንላቸው፥ «ሁለት ትል እናደርገዋለን» አሉን። ትልልቆችም ይህንኑ ሲሉ ሰምተናልና ስለዚሁ ፍጥረት ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ከቁስሉ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ በእውነት ደም ነው። ቅላቱም እንደ እኛ ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ነገር ግን የእኛው በሕዋሳት ውስጥ ሲገኝ የትሉ በደሙ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። ይህንም ደም በተለመደው ዝርያ በጉሮሮው ግራና ቀኝ ያሉት 5 ጥንድ ልብ መሰል ሥሮች ይገፉታል። ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ስለዚህ ፀሐይ ያደረቀው እንደ ሆነ ታፍኖ ይሞታል።

በአንጀቱና በቆዳው መካከል ደግሞ ሌላ ፈሳሽ አለ። አጥንት የለውምና ይህ ውሃ አጥንቱ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ጡንቻዎቹ ሲጨምቁት ሰውነቱ ጠንክሮ አፈሩን ይሰነጥቃል። ሲቆረጥ ግን ይፈስሳል። በራሱ በኩል ያለው ቁራጭ ረዘም ያለ እንደ ሆነ ጅራት ሊያበቅል ይችላል፤ የጅራቱ ቁራጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ተወራጭቶ ይሞታል።

ይህን ብንነግራቸው ልጆቹ ያልተቆረጡትን በቅጠል አንሥተው ወደ ጥላው አፈር መለሷቸው።